በሚቀጥለው ጀልባ

ውኃው ባይሄድ ኖሮ አትሰማም ነበር። ጸጉሯን አረፋ በአረፋ አድርጋ፣ አንገቷን ቧንቧው ሥር ደፍታ እንደቆመች ውኃው ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ቀጥ አለ፤ የሚንዠቀዠቀው ድምፅም አብሮት ሄደ። ቤቱ ጭር ሲል የአክስቷ ሹክሹክታ ከወጥ ቤቱ በግድግዳው በኩል መጣ። አክስቷ ጉሮሮዋን ቀዶ ሕክምና ካደረገች ወዲህ ድምፅ የላትም፤ የምታወራው ሁሉ በሹክሹክታ ነው። ሰው ሹክሹክታ ምስጢር የሚጠብቅ ይመስለዋል፤ የአክስቷ ሹክሹክታ ግን እንደ መጋዝ ነው፣ በር አይመልሰውም።

«ዛሬንና ነገን ብቻ ታገሺኝ» አለች አክስቷ። «ፊልሙን አንብባ ትጨርስ። ከዚያ ቁጭ አድርገን እንነግራታለን።»

«ሰባት ወር ሙሉ ይህንኑ ነው የምትይኝ» አለ ሌላ ድምፅ። የእጮኛዋ እናት ነበሩ። «መጀመሪያ ፈተናዋን ትጨርስ አልሽ። ቀጥሎ ጉንፋን ይዟታል አልሽ። ከዚያ ዝናቡ ያባራ አልሽ፤ ዝናቡን ከሞት ምን አገናኘው? እኔ ልጄን የማለቅሰው መቼ ነው?»

አረፋው ግንባሯን አልፎ ዓይኗ ውስጥ ገባ፤ አልጠረገችውም። ሴትዮዋ ያላቸው አንድ ልጅ ነው። ያ ልጅ መስታወት ቆራጭ ነው፤ ሊያገባት ቃል ገብቶላት ግንባር ከሄደ ዓመት ከስምንት ወሩ፣ ደብዳቤው ከቆመ ደግሞ ዘጠኝ ወሩ። ዘጠኙንም ወር እሷ መንገዱን ስትረግም፣ ፖስታ ቤቱን ስትረግም፣ ፖስታ አመላላሹን ከነብስክሌቱ ስትረግም ከርማለች። መርዶው ለካ በጊዜው ደርሷል፤ እዚሁ ወጥ ቤት ውስጥ ሁለት ሴቶች ተቀምጠውበት ኖሯል።

ጀሪካኑ ውስጥ በተረፈችው ውኃ ጸጉሯን አለቀለቀችና ፎጣ ጠምጥማ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ሁለቱም ቀና አሉ። «ሽንኩርት እኮ ደግሞ ጨመረ» አሉ የእጮኛዋ እናት፣ ፈጠን ብለው። አሁን ገባት። በእነዚህ ሰባት ወራት እሷ ወደ ክፍል በገባች ቁጥር ሽንኩርት ይጨምር ነበር። ዘይትም አልፎ አልፎ ይጨምራል፣ ሽንኩርት ግን አንድ ቀን ረግቶ አያውቅም፤ አንዴማ «በዚህ አያያዝ ሽንኩርት በወርቅ ሚዛን ሊሸጥ ነው» ብላ ብትቀልድ ሁለቱ ሴቶች ከቀልዱ መጠን በላይ ስቀው እንባቸውን ጠርገው ነበር። እንባውን አሁን አወቀችው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ማንም ሳይነካው ቀዝቅዟል። አክስቷ የስኳር ዕቃውን ክዳን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ሴትዮዋ የሻርፓቸውን ጫፍ አመልካች ጣታቸው ላይ ጠምጥመው፣ ጠምጥመው፣ ጣታቸው ደም አጥቶ ነጭ ሆኗል። ከመታጠቢያ ቤቱ እስከዚህ ድረስ ስትመጣ አፏ ሙሉ ቃል ይዛ ነበር፤ ምላሷም ሰፈር የሚያውቀው ምላስ ነው። ያን ጣት ስታይ ግን ሁሉንም መልሳ ዋጠችው።

«እማማ፣ ደብዳቤ የለም?» አለች፣ ሐሙስ ሐሙስ ሲመጡ እንደምትጠይቃቸው አድርጋ።

ሴትዮዋ አክስቷን አዩ፤ ከዚያ እሷን አዩ። «የመንገዱ ነገር ነው ልጄ» አሉ። «ይመጣል።»

ከዚያ በላይ እዚያ መቆም አልቻለችም፤ ሥራ ይረፍድብኛል ብላ ቦርሳዋን አነሳች። ያንገበገባት መታለሏ አልነበረም። ሰው ይታለላል፤ እሷም ደብዳቤው ከቆመ ወዲህ ራሷን ስታታልል ከርማለች፣ በሌላ ላይ የምትፈርድበት አፍ የላትም። ያንገበገባት ይህ ሁሉ በእሷ ስም መደረጉ ነው። ለእሷ ሲባል፣ ልቧ እንዳይሰበር፣ ሥራዋ እንዳይታጎል። እሷን የእናት አፍ መወተፊያ ጨርቅ አድርገዋት ነበር፣ ለዚያውም ሳይጠይቋት።

ቁልቁለቱን ስትወርድ ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ላይ እግሯ ዘገየ። ባለፈው ወር ከትልቁ ከተማ፣ የውጭ ፊልሞችን ከሚተረጉም ድርጅት ደብዳቤ መጥቶላት ነበር፤ ሩሲያኛ የሚችል ሰው እንፈልጋለን፣ ፈተናውን አልፈሻል፣ ነይ የሚል። አንድ ቀን እንኳ አስተማሪ ፊት ሳትቀመጥ፣ ሽፋኑ በወደቀ መዝገበ ቃላት ራሷን አስተምራ ያለፈችው ፈተና ነው፤ ያን ሳምንት በሰፈሩ ስትሄድ አንገቷ የስልክ ሽቦውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ግን «የምጠብቀው ሰው አለኝና አልመጣም» ብላ መለሰች። ደብዳቤውን ወስዳ ያስገባችው አክስቷ ናት፤ አንቺ አትድከሚ ብላ፣ ቴምብሩን በምላሷ አርሳ ለጥፋ፣ በመዳፏ ጠበቅ ጠበቅ አድርጋ። የሚጠበቅ ሰው እንደሌለ እያወቀች። ፖስታ ቤቱ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው፤ በሩን እየዘጉ ነበር። ሰኞ፣ አለች በልቧ፣ እና መንገዷን ቀጠለች።

የምትሠራበት አዳራሽ ከገበያው በታች ነው፤ ወንበሮቹ የእንጨት፣ ነጩ ሸራ መሀሉ ላይ ተቀዶ የተሰፋ። ዓመቱን ሙሉ ግማሹ ባዶ ሆኖ ይከርምና በአንድ ቅዳሜና እሁድ ብቻ፣ በአንድ ፊልም ብቻ ጢም ይላል። ፊልሙ ከስንት ዘመን በፊት የመጣ፣ በጦርነት ስለተለያዩ ሁለት ፍቅረኞች የሚያወራ ጥቁርና ነጭ የሩሲያ ፊልም ነው። ከሥሩ የሚነበብ ጽሑፍ ስለሌለው የሚተረጎመው በአፍ ነው። ፊልሙን ከሚያሳየው ማሽን ክፍል ጎን አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ የእንጨት ክፍል አለች፤ አንባቢዋ እዚያ ትንሽ መብራት ታበራና ደብተሯን ዘርግታ በማይክሮፎን ሁሉንም ሰው ሆና ታወራለች፤ ወንዱንም ሴቷንም፣ ሻለቃውንም ሕፃኑንም። ልትናገር ስትል ቀይ አምፖል ታበራለች፤ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት ኦፕሬተር አምፖሉን አይተው የፊልሙን ድምፅ ዝቅ ያደርጉላታል። አክስቷ ሃያ አራት ዓመት አነበበች። ጉሮሮዋ ሲታመም ወንበሩ ለእሷ ሆነ፣ ይኸው ስድስት ዓመቷ። በሰፈሩ «ራሽያ» ይሏታል፤ መጀመሪያ ለስድብ ነበር፣ እሷ ግን ስሙን ተቀብላ ደረቷን ስትነፋበት ስድብነቱ ጠፋ።

የክፍሏን መስታወት የገጠመው እጮኛዋ ነው። የተዋወቁትም በዚሁ ነው። ሊለካ መጥቶ፣ ዓይኑ ከሜትሩ ላይ ሳይሆን ከእሷ ላይ ሆኖ፣ መስታወቱ በአንድ ጥግ ሁለት ጣት አጠረ። «አንተ መስታወት ቆራጭ ነህ ወይስ ልብ ቆራጭ?» ብላ አላገጠችበት፤ ቀልዱ የከሸፈ መሆኑን እያወቀች፣ እሱ ግን እስከ ጆሮው ቀላ። ክፍተቱን በካርቶን ወተፈና ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ሰጣት። የሚቀጥለው ሳምንት ብዙ ጊዜ አለፈ፤ ሊያስተካክለው አልቸኮለም፣ እሷም አልቸኮለችም፣ ካርቶኑ የመምጫ ሰበቡ ነበር። ወደ ግንባር ሲሄድም «ካርቶኑን እንዳትነኪው፣ ስመለስ አስተካክለዋለሁ» ብሏት ነበር የሄደው።

የፊልሙ ታሪክ ቀላል ነው። ልጅቷ ቴሌግራም ቤት ትሠራለች፤ ልጁ ጣሪያ ሠሪ ነው። የቤቷን ጣሪያ ከፍቶ እየጠገነ ሳለ ጦርነት ይነሳና ግማሹን ሳይከድን ይጠሩታል። አራት ክረምት ዝናቡ ይገባባታል፤ ባልዲ እየደቀነች ትኖራለች። ለአገሩ ሰው ሁሉ መልእክት ስታስተላልፍ ለእሷ አንድም አይመጣም። በመጨረሻው ሮል፣ በአምስተኛው የፊልም ጥቅል፣ ጦርነቱ ያልቅና ወታደሮቹ በወንዝ ጀልባ ይመለሳሉ። ልጅቷ ከወንዙ ዳር ቆማ የእያንዳንዱን ፊት ስታይ፣ አንድ እጁን ያጣ የልጁ ጓደኛ ይወርዳል። «እሱስ?» ትለዋለች። እዚህ ላይ አክስቷም በሃያ አራቱ ዓመት፣ እሷም በስድስቱ ዓመት ለዚያ ወታደር የሰጡት መልስ አንድ ነው፦ በሚቀጥለው ጀልባ ይመጣል። ልጅቷ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፣ መሰላል ታቆማለች፣ የቀረውን ጣሪያ በገዛ እጇ ትከድናለች፤ ያልቃል። ሕዝቡም ያጨበጭባል። ሊመጣላት አይደል፣ ቤቱን እያሰናዳች ነው።

ወታደሩ የሚለው ግን ሌላ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ያን ዓረፍተ ነገር ከመዝገበ ቃላቱ ጋር ስታስተያይ «ቀበርነው» የሚል ቃል አገኘችና ስህተት ያገኘች መስሏት ደብተሩን ይዛ እየዘለለች ወደ አክስቷ ሄደች። አክስቷ ያኔ ድምፅ ነበራት። «መዝገበ ቃላትሽ ባል ሞቶበት ያውቃል?» አለቻት፣ ሌላ ምንም ሳትጨምር። ቆይታ፣ ቆይታ ነው የነገረቻት። ፊልሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበች ቀን ባሏ በሌላ ጦርነት ጠፍቶ ዓመቱ ነበር፤ አዳራሹም እንደ እሷ ባሉ ሴቶች ተሞልቶ ነበር። ያ ቦታ ሲደርስ አፏ እምቢ አላት፣ ያወጣው ሌላ ቃል ሆነ። በማግሥቱ ሴቶቹ እህቶቻቸውን አስከትለው መጡ። ከዚያ ወዲህ ያችን ዓረፍተ ነገር ለመስማት ብቻ በየዓመቱ የሚመጡ አሉ። ሩሲያኛ የሚያውቅ ሰው ድንገት እንዳይሰማም ኦፕሬተሩ እዚያ ቦታ ላይ የፊልሙን ድምፅ ዝቅ አያደርጉትም፣ ጨርሰው ይዘጉታል።

ኦፕሬተሩ ሮሎቹን በጨርቅ እየጠረጉ አገኘቻቸው። ጡረታ ከወጡ አራት ዓመት የሆናቸው፣ በማሽኑ የሚተካቸው ሰው ስለጠፋ ብቻ የሚመጡ ሽማግሌ ናቸው። ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ስለ መብራት መጥፋት፣ ስለ ወገባቸው ትንሽ አወሩ። ከዚያ ወታደሩ ሲናገር ድምፁን እንዳይዘጉት ነገረቻቸው፤ ዝቅ ብቻ ያድርጉት። ጨርቁን አስቀመጡ።

«ራሽያ» አሏት፣ «እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ማንም አልሞተም።»

«ውጭ ግን ሞቷል፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ ሮሉ መለሱ። «ማን ነገረሽ?» አሉ።

ማን ሞተ አላሉም። እሳቸውም ያውቁ ነበር። ከእሳቸው ቀጥሎ ማን ያውቅ እንደነበር ማሰብ ጀመረች፤ ባለሱቁ፣ ፖስታ አመላላሹ፣ ሰላም ስትላቸው መሬት የሚያዩ ጎረቤቶች ሁሉ በሰልፍ መጡባት። ከተማው በሙሉ ስለ ሽንኩርት ሲያወራላት ኖሯል። ወደ ክፍሏ ገብታ ደብተሩን ዘረጋች። የአክስቷ የእጅ ጽሑፍ በየዓመቱ በላዩ እየተጻፈበት ደምቆ ወረቀቱን ሊበሳው ደርሷል። «በሚቀጥለው ጀልባ» የሚለውን አልሰረዘችውም። ሥሩ በእርሳስ ሌላ መስመር ጻፈች፣ በጥንቃቄ፣ ለፈተና እንደምትጽፍ።

ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። ወንበር ያጡ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። በመስታወቱ በኩል አክስቷንና የእጮኛዋን እናት አየቻቸው፤ ሦስተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ፣ እንደ ሌላው ጊዜ ሁሉ። ሴትዮዋ መምጣት ሳይኖርባቸው አይቀርም፤ ቢቀሩ እሷ ትጠረጥራለቻ። የሞተ ሰው በሚቀጥለው ጀልባ ይመጣል ሲባል ሊሰሙ፣ ሻርፓቸውን አስተካክለው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ተቀምጠዋል።

አራቱን ሮል አነበበች። ሳታለቅስ አነበበች፤ ሻለቃውን በወፍራም ድምፅ፣ ሕፃኑን በቀጭን፤ የቴሌግራም ቤቱ ኃላፊ ሲቆጣ እንደ ወትሮው ሰው አሳቀች። አምስተኛው ሮል ከመግባቱ በፊት ማሽኑ ሲቆም ካርቶኑን ከመስታወቱ ጥግ ጎትታ አወጣችው። አዳራሹን መስማት ፈልጋ ነበር። በሁለት ጣት ክፍተት ሳል፣ የወንበር ሲጢጥታ፣ የብርቱካን ልጣጭ ሽታ ገባ። ካርቶኑ ጀርባ ላይ በእሱ የእርሳስ ጽሕፈት የመስኮቱ ልኬት ነበር፤ ልኬቱ ትክክል ነው። ያሳጠረው የቆረጠበት እጅ ነው፣ ምናልባትም ሆን ብሎ። ይህን ስታይ ለአንድ አፍታ አፏ እምቢ አላት፣ አክስቷን ያኔ የያዛት ነገር ይሄ መሆኑንም ያን ጊዜ አወቀች። ደህና፣ አለች፤ እሷ ያንን አልፋው አታውቅም፣ እኔ ግን አልፈዋለሁ።

ጀልባው መጣ። ወታደሩ ወረደ። ልጅቷ «እሱስ?» አለች። ቀይ አምፖሉን አበራች። ኦፕሬተሩ ድምፁን ዝቅ አደረጉ፤ አልዘጉትም። ሠላሳ ዓመት አፉን ሲያንቀሳቅስ ብቻ የታየው ወታደር ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ተሰማ፤ የሻከረ፣ አጭር፣ የደከመው ሰው ድምፅ ነው።

«ወንዙ ማዶ ቀበርነው» አለች በማይክሮፎኑ። «አፈር የመለስኩበት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው «ኧረ ተሳስተሻል፣ በሚቀጥለው ጀልባ ነው» አለ፣ ተማሪ እንደሚያርም አስተማሪ። ሌላዋም ይህን ፊልም አሥራ አምስት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ በሚቀጥለው ጀልባ ነው አለች። አምፖሉን እንደገና አበራች።

«ስድስት ዓመት ነው የተሳሳትኩት» አለች። «የሚለው ቀበርነው ነው።»

ከዚህ በኋላ የሚነበብ የለም። ሰው ሁሉ በደስታ እየሮጠች ወደ ቤቷ ሄደች እያለ የሚያወራላት የፊልሙ ልጅ ለካ አልሮጠችም፤ ቀስ ብላ ነው የሄደችው፣ እግሯ ጭቃውን እየሳበ። መሰላሉን አቆመች። ክዳኑን አንድ በአንድ እያነሳች ደረደረች፤ አንዱ አጠረባት፣ ሌላ ፈለገች። ለማንም አልነበረም የምትከድነው። ዝናብ ይገባባታል፣ ቤቱ ደግሞ የእሷ ነው።

ያኔ በመስታወቱ ጥግ በኩል ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ሳል መሰላት። ሄዶ የቆየ ውኃ ሲመለስ ቧንቧው እንደሚያደርገው ሁለቴ ሦስቴ አስነጠሰ፣ ተቋረጠ፣ ከዚያ ገንፍሎ መጣ። የእጮኛዋ እናት ነበሩ። ተነስተው ቆመዋል፤ የወንበሩን ጀርባ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ሻርፓቸው ወድቆ፣ በሰው ሁሉ ፊት ያለቅሳሉ። አክስቷ ቀሚሳቸውን እየጎተተች ልታስቀምጣቸው ትሞክራለች፣ አይሰሟትም። ከአምስተኛው ረድፍ ሌላ ሴት ተቀላቀለች፣ ከግድግዳው ሥርም አንዷ። መብራቱ ሲበራ ያጨበጨበ የለም። አንድ ሰው የትኬቱን ገንዘብ መልሱልኝ እያለ በሩ ላይ ሲጨቃጨቅ፣ ኦፕሬተሩ ከላይ ሆነው ፊልሙ ያው ነው፣ የተለወጠው ጆሮህ ነው ሲሉት ሰማች።

ወረደች። ሰዎች መንገድ ለቀቁላት። ሴትዮዋ ዓይናቸው ቀልቶ ተመለከቷት።

«ደግመሽ በይልኝ» አሏት። «የፊልሙን አይደለም። የእኔን።»

«ሞቷል፣ እማማ።»

«ሞቷል» አሉ ሴትዮዋ። ቃሉን እንደ አዲስ ጫማ ሞከሩት። «ልጄ ሞቷል። ሰባት ወር ትራስ ነክሼ ነው ያለቀስኩት፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ ጎረቤት ሰምቶ እንዳይነግርሽ ብዬ።» ከዚያ አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ፤ እሷም ያኔ፣ ከጧት ጀምሮ የያዘችውን ሁሉ ለቀቀችው። ማን ማንን እንደደገፈ የሚያይ ሰው መለየት አይችልም ነበር።

ሲረጋጉ ሦስቱም ዳገቱን ያዙ፤ ሴትዮዋ መሀል፣ እሷ በቀኝ፣ አክስቷ በግራ። ገበያው እየተበተነ ነበር፤ ሻጮች ሸራቸውን እያጠፉ ናቸው። ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ ሰኞ ለድርጅቱ ሌላ ደብዳቤ እንደምትጽፍ ለአክስቷ ነገረቻት።

«ቴምብሩን ግን» አለች፣ «እኔው እለጥፈዋለሁ።»

አክስቷ ጥቂት ሄደው ነው፣ ያውም ወደ መሬት እያየች፣ አፌ እምቢ ብሎኝ ነው ያለችው። ያኔም፣ አሁንም። ልጅቷ ይህን ሰማች፤ ይቅር ለማለት ገና ነው፣ ግን ሰማች። ነገስ ምን ልታነቢ ነው ብላ ጠየቀቻት አክስቷ። የዛሬውን፣ አለች። ሴትዮዋ ቀና ብለው እንግዲያው እኔም ነገ እመጣለሁ አሉ፤ ቤት ውስጥ ብቻዬን አይወጣልኝም፣ ያው ወንበር ይያዝልኝ። ይህን ብለው አንድ እርምጃ እንደሄዱ ለቅሶው እንደገና መጣባቸው፤ መንገዱ መሀል ቆመው የልጃቸውን ስም በሙሉ ድምፃቸው ጠሩ። የሽንኩርት ነጋዴዋ ሚዛኗን ይዛ ዞረች። መስኮቶች ተከፈቱ።

«ቀስ በይ እህቴ» አለች አክስቷ በዚያች መጋዝ ሹክሹክታዋ። «ሰው ይሰማል።»

ልጅቷ የሴትዮዋን ክንድ ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«ይስማ» አለች።